የቱ መኪና ይሻላል? ያገለገሉ መኪኖችን አስተማማኝነት ስለ ማነጻጸር

(በአራት ኪሎ ግቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ለዛሬ የመረጥሁት ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ የወጣ አይደለም። በአዲስ አበባ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ እቁብ በሚጣልበትም ሆነ ቡና በሚጠጣበት ቦታ የሚነሣ ጥያቄ ነው፦ «ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» መልሱም ብዙ ጊዜ ሳይዘገይ ይመጣል፦ «ቶዮታ!» የዛሬው ዓላማዬ ይህን መልስ መሻር አይደለም። በምን ማስረጃ ላይ እንደቆመ፣ እስከ የትኛው ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚያበቃ ከስታትስቲክስ አንጻር መመርመር ነው።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ካለ፣ ከጥያቄው በስተጀርባ ምን እንዳለ ያስብ። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ አሮጌ መኪና የብዙ ዓመት ቁጠባ፣ የእቁብ ዕጣና የባንክ ብድር ተደምሮ የሚገዛ ንብረት ነው። መኪናውን በታክሲነት ለሚያሠራ ሰው የዕለት እንጀራው ነው። በሚኒባስ ለሚሳፈረው ደግሞ የፍሬኑ አስተማማኝነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥያቄውን ይበልጥ አስቸኳይ ያደረጉ ሁለት የቅርብ ጊዜ ውሳኔዎችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልባቸው ታክስ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በእኛ የሙያ ቋንቋ ስንገልጸው፣ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎቻችን ስብስብ ከዚህ ወዲያ አዲስ የማይወለድበት፣ የሚያረጅና የሚሞት ብቻ ያለበት ማኅበረሰብ ሆኗል ማለት ነው። ዛሬ በእጃችን ያለውን መኪና ለረጅም ዘመን እየጠገንን እንኖራለን። እንግዲያው የትኛው እንደሚጸና ማወቅ የግል ጉጉት ብቻ ሊሆን አይችልም።

፩. «አስተማማኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በምሕንድስና ትምህርት አስተማማኝነት ማለት አንድ መሣሪያ በተወሰነ የአሠራር ሁኔታ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ሳይበላሽ የተፈለገበትን ተግባር የመፈጸም ዕድሉ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ነገሮች መጠቀሳቸውን ልብ በሉ፦ ሁኔታውና ጊዜው። ሁለቱ ካልተገለጹ «ይህ መኪና አስተማማኝ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና አላለቀም።

የባለ መኪናው ጥያቄ ግን ከዚህም ይሰፋል። እርሱ የሚፈልገው ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መኪናው እንዲነሣለት ነው። ይህ ሌላ መለኪያ አለው፤ «ዝግጁነት» እንበለው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ መኪናው ሳይበላሽ በአማካይ የሚሠራበትን ጊዜ፣ ለዚያው ጊዜና ለጥገና የሚወስደው አማካይ ጊዜ ድምር ማካፈል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት መኪኖችን በሐሳባችን እንውሰድ። መኪና «ሀ» በየ60 ቀኑ ይበላሻል፤ ዕቃው ግን በየሱቁ ስለሚገኝ በ1 ቀን ይጠገናል። ዝግጁነቱ 60 ለ61 ሲካፈል ነው፤ 98 በመቶ ገደማ ይሆናል። መኪና «ለ» በየ180 ቀኑ ብቻ ይበላሻል፤ ነገር ግን ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ 30 ቀን ይቆማል። ዝግጁነቱ 180 ለ210 ሲካፈል 86 በመቶ ገደማ ነው። በብልሽት ብዛት ብቻ ከፈረድን «ለ» ሦስት እጥፍ የተሻለ ነው፤ በዝግጁነት ከፈረድን ግን «ሀ» ይበልጠዋል።

ለእኔ የአዲስ አበባ የመኪና ገበያ አንዱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የኮሮላ ኩሽኔታም ሆነ የፍሪሲዮን ሸራ ለማግኘት የግማሽ ቀን ሥራ በቂ ነው። በየሰፈሩ ያለው መካኒክ ሞተሩን ከልምድ ያውቀዋል። ስለዚህ «ቶዮታ አይበላሽም» የሚለው አባባል በከፊል «ቶዮታ ሲበላሽ ቶሎ ይሠራል» ማለት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ የመጀመሪያው ከፋብሪካው የመጣ ሲሆን ሁለተኛውን የፈጠረው የእኛው ገበያ ነው። ብዙ ሰው ስለያዘው ዕቃው በዛ፤ ዕቃው ስለበዛ ብዙ ሰው ያዘው።

፪. ታህቱ የት አለ?

አንድ መካኒክ «ዛሬ ወደ እኔ ከመጡት 11 መኪኖች 10ሩ ቶዮታ ናቸው፤ ቶዮታ ድሮ ቀረ» ቢለን ምን እንመልሳለን? ላዕሉን ነግሮናል፤ ታህቱን አልነገረንም። በሰፈሩ ለ1 ፔጆ 20 ቶዮታ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ከ20 ቶዮታ 10ሩ፣ ከ1 ፔጆ ደግሞ 1ዱ ተበላሽተው መጥተዋል ማለት ነው፤ በዚህ ስሌት ቶዮታው የተበላሸው በግማሽ ያነሰ ነው። ጋራዥ ቆሞ ብልሽትን የሚቆጥር ሰው ጎዳናውን ካልቆጠረ ማነጻጸር አይችልም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይረቅቃል። «የድሮ መኪና ብረቱ ብረት ነው፤ ይኸው ያ ላዳ እስከ ዛሬ ይሠራል» ሲባል እንሰማለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስታትስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት ነበር። ከውጊያ የተመለሱ አውሮፕላኖች በጥይት የተበሳሱበት ቦታ ይታያል፤ ብረት መደረብ ያለበት የት ላይ ነው? የዋልድ መልስ ቀዳዳ ያልታየባቸው ቦታዎች ላይ የሚል ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የተመቱት አውሮፕላኖች አልተመለሱም።

ዛሬ በጎዳና የምናየው አሮጌ ላዳ ከውጊያው የተመለሰው ነው። በሐሳባችን 1,000 ላዳዎች ከብዙ ዓመት በፊት ሥራ ጀምረው ዛሬ 20 ብቻ ቢቀሩ፣ እነዚያ 20 ስለ 980ዎቹ አይመሰክሩም። የቀሩት ከሌሎቹ የበለጠ የታደሉ፣ የተጠነቀቁላቸውና ሞተራቸው ደጋግሞ የወረደላቸው ናቸው። የአንድን ብራንድ ጽናት ለመለካት ከመነሻው የገቡትን ሁሉ መቁጠርና እያንዳንዱ በስንት ዓመቱ ከአገልግሎት እንደወጣ መመዝገብ ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ ይህን የመትረፍ ትንተና ብለው ያውቁታል።

ሌሎች አገሮች ይህን ለማድረግ ይሞክራሉ። በጀርመን አንድ መኪና በ3 ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋል፤ ቲዩፍ በተባሉት ድርጅቶች የተመዘገበው ውጤት በሞዴልና በዕድሜ ተከፋፍሎ በየዓመቱ ይታተማል። ለእኛ ግን ያ ሠንጠረዥ ችግር አለበት፤ የሚያነጻጽረው እስከ ዐሥራ ጥቂት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ብቻ ነው። ጀርመኖች መቁጠር በሚያቆሙበት ዕድሜ ላይ ያለ መኪና በእኛ ከተማ ገና ወጣት ይባላል።

፫. ሁኔታው፦ ከፍታና ዳገት

አስተማማኝነት «በተወሰነ የአሠራር ሁኔታ» የሚለካ ነው ብለናል። የእኛ ሁኔታ ምን ይመስላል?

ይህ አዳራሽ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ የሚያቃጥል እንደ መሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና እዚህ ሲመጣ ለአየሩ መሳሳት ራሱን አያስተካክልም፤ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበረክታል። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥን አዲስ ሞተር ግን የአየሩን መጠን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል። እዚህ ላይ አዲሱ ቴክኖሎጂ በግልጽ ይበልጣል። በአንጻሩ ካርቡሬተሩን የሰፈር መካኒክ በካቻቪቴ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የኤሌክትሮኒክሱ መለኪያ ሲበላሽ ግን የኮምፒዩተር ምርመራ ይጠይቃል።

ሌላው የከፍታ ውጤት የውኃ መፍላት ነው። በአራት ኪሎ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአብዛኛው ሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑን ታያላችሁ። ውኃው እንዳይፈላ የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ያረጀበት መኪና ያንን ሁሉ መጠባበቂያ ያጣል። ከቀበና ወደ አራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣውን ዳገት በተጨናነቀ ሰዓት፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው ሞልቶ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። ባለቤቱም «ይህ ብራንድ ሙቀት አይችልም» ይላል። ጥፋቱ ግን የብራንዱ ሳይሆን የክዳኑ፣ ወይም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ለዓመታት የተጨመረው የቧንቧ ውኃ ሊሆን ይችላል።

፬. ብራንድ ወይስ የመኪናው ታሪክ?

አሁን ወደ ብራንዶቹ እንምጣ። ላዳን እንውሰድ። በሶቪየት ኅብረት በ1970 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረው ላዳ መሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ግን እንዳለ አልወሰዱትም፤ ለመጥፎ መንገድ እንዲሆን የቦዲውን ቆርቆሮ አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተኩት፣ ሞተሩንም ለወጡት። አንድ ንድፍ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ጽናት ኖረው። አዲስ አበባ ላዳን በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ለረጅም ዘመን ያገለገለችበት ምክንያት በከፊል ይኸው ነው፤ ሌላው ምክንያት ከ1980ዎቹ አስቀድሞ የተነደፈው ይህ ቤተሰብ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይቋረጥ በመመረቱ የመለዋወጫው ምንጭ አለመድረቁ ነው።

ፔጆን ብንመለከት ደግሞ የተገላቢጦሽ ትምህርት እናገኛለን። ፔጆ 504 በ1969 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠ፣ በናይጄሪያ ካዱና ሳይቀር ሲገጣጠም የኖረ፣ በአፍሪካ መንገዶች ስሙን ያስከበረ መኪና ነው። ዛሬ በእኛ ገበያ ፈላጊው ጥቂት የሆነው ንድፉ ደካማ ስለነበረ አይደለም። ዕቃውና ባለሙያው እየጠፉ በመሄዳቸው ዝግጁነቱ ወደቀ፤ በቀደመው ስሌታችን መኪና «ለ»ን ሆነ።

ቶዮታ ውስጥ እንኳ «ቶዮታ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሕዝባችን ዲኤክስ ብሎ የሚጠራው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ እንደ ሞተሩ ዓይነት አንዱ የታይሚንግ ሰንሰለት፣ ሌላው የታይሚንግ ቺንጋ አለው። ብዙዎቹ አሮጌ የሃይኤስ ሚኒባሶች የናፍጣ ሞተር ባለ ቺንጋ ነው፤ የቪትዝ ሞተር ደግሞ ባለ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ሲያረጅ አስቀድሞ ይጮኻል። ቺንጋ ግን ብዙ ጊዜ ሳይናገር ይበጠሳል፤ በተበጠሰም ጊዜ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ተጋጭቶ ሞተሩን ያወርዳል። ለዚህ ነው ቺንጋ በተለምዶ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር የሚመከረው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰበት መኪና ገዢ ግን የቺንጋውን ዕድሜ በምን ያውቃል?

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ልጨምር። ቪትዝ ቶዮታ በጃፓን ገበያ የተጠቀመበት ስም ነው፤ ያው መኪና ለአውሮፓ ሲሠራ ያሪስ ይባላል። በጃፓን መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ በአገራችን በግራ መሪ የሚነዳ ቪትዝ ስናይ፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ መሪው የተዛወረ መኪና መሆኑን መገንዘብ አለብን። ያን ሥራ የሠራው ፋብሪካው አይደለም። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ፔዳልና የሽቦዎቹ መስመር በማን እጅና በምን ጥንቃቄ እንደተዛወሩ የብራንዱ ዝና ምንም አይነግረንም። ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ በአስተማማኝነት ግን የሁለት ዓለም ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ መኪና አዲስ ሳለ ብራንዱ ብዙ ይናገራል፤ ባረጀ ቁጥር የብራንዱ ድምፅ እየደከመ የባለቤቶቹ ታሪክ ድምፅ ይጎላል። በ30 ዓመቱ አንድ ኮሮላ ከሌላው ኮሮላ የሚለይበት ልክ፣ ኮሮላ በአማካይ ከሌላ ብራንድ ከሚለይበት ልክ ሊበልጥ ይችላል። በስታትስቲክስ ቋንቋ፣ በቡድኖች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያም እዚሁ ላይ ይገባል። አስተማማኝነትና ደኅንነት አንድ አይደሉም። በየጠዋቱ ሳያሳፍር የሚነሣው የ1980ዎቹ መኪና የአየር ከረጢት የለውም፤ በድንገት ሲፈረን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓትም የለውም። «አላስቸገረኝም» የሚለው ምስክርነት ስለ ግጭት ቀን አንዳች አይናገርም።

፭. የመረጃ እጦት ዋጋ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ያገለገለ መኪናን ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ይህ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለመካከለኛ መኪና የሚገባውን ዋጋ ብቻ ያቀርባል። ያ ዋጋ ለጥሩ መኪና ባለቤት አያዋጣውም፤ ስለዚህ ከገበያው ይወጣል። በገበያው የሚቀረው አማካይ ጥራት ይወርዳል፤ ዋጋውም ይከተለዋል።

«ሲያዩት ያምር፣ ሲበሉት ያቅር» የሚለው የአገራችን ተረት ይህንኑ ያውቃል። ደላላው «ሞተሩ ያልተነካ» ይላል፤ ሊብሬው የተመረተበትን ዘመን እንጂ የተጋጨበትን ቀን አይናገርም። ገዢው ሌላ የሚይዘው ምልክት ሲያጣ የብራንዱን ስም ይይዛል። የቶዮታ ዋጋ በአዲስ አበባ ከፍ የሚለው መኪናው ስለጸና ብቻ ሳይሆን ስሙ የጎደለውን መረጃ ስለሚተካ ነው። የዚህም ዕዳ የሚከፈለው በሁለት ወገን ነው፤ በደካማ ቶዮታ ላይ ከልክ በላይ የሚከፍል ገዢ አለ፤ በጥንቃቄ የያዘውን ሌላ ብራንድ ከዋጋው በታች የሚሸጥ ባለቤትም አለ።

፮. ምን እናድርግ?

መፍትሔው በእጃችን አጠገብ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሽከርካሪ መለያን፣ ምርመራንና ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 681/2002 በሥራ ላይ ነው፤ መኪኖቻችን በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራሉ። ፍሬናቸው፣ መብራታቸው፣ ጭሳቸው ይታያል። ይህ ማለት የእያንዳንዱ መኪና ሞዴል፣ የምርት ዘመንና የምርመራ ውጤት በየዓመቱ ይነሣል ማለት ነው። የጎደለን ላዕልና ታህት ሁለቱም እዚያ ናቸው። ብሪታንያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉትን የዓመታዊ ምርመራ ውጤቶች የባለቤቶቹን ማንነት ሳትገልጽ ለሕዝብ ክፍት አድርጋለች፤ ማንም ተማሪ አውርዶ ሊተነትናቸው ይችላል።

የእኛም የምርመራ ውጤት የሰሌዳ ቁጥርና የባለቤት ስም ተነሥቶለት በሞዴል፣ በምርት ዘመንና በብልሽት ዓይነት ቢታተም፣ ከዚህ ግቢ ጥሩ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፎች በወጡ ነበር። ከዚያም በላይ ገዢው ከደላላ ቃል የተሻለ መያዣ ያገኝ ነበር፤ የትኛው ሞዴል በስንተኛ ዓመቱ በፍሬን እንደሚወድቅ የሚያውቅ ከተማ ሰው ከመሞቱ በፊት ይነቃል። እርግጥ ነው፣ መዝገቡ የሚያገለግለው ምርመራው በእውነት የተካሄደ ከሆነ ብቻ ነው። ሳይታይ ያለፈ መኪና ሕግን ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዡንም ይበክላል። ነገር ግን ውጤቱ ለሕዝብ ሲታተም ማጭበርበሩም ይጋለጣል፤ አንድም መኪና የማይወድቅበት የምርመራ ጣቢያ በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ጎልቶ ይታያል።

እስከዚያው መኪና ለመግዛት ለተዘጋጁ ሦስት ጥያቄዎችን ልተው። «የቱ ብራንድ?» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ መኪና ሲበላሽ ዕቃው በስንት ቀን ይገኛል? ሁለተኛ፣ የሚበላሸው አስጠንቅቆ ነው ወይስ ድንገት? ቺንጋው፣ ፍሬኑና መሪው ከሁሉ በፊት ይታዩ። ሦስተኛ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አለ? በአንድ መካኒክ እጅ ለዓመታት የቆየና ደረሰኞቹ የተቀመጡለት ስመ ደካማ መኪና፣ አድራሻው ከማይታወቅ ስመ ጥር መኪና ሊሻል ይችላል። የምትወስዱትም መካኒክ ሻጩ የመረጠላችሁ ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁት ይሁን፤ የምርመራው ክፍያ ከሞተር ማውረጃው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» የሚባል ነገር ሲያጋጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከስንቱ? ያልታዩት የት ሄዱ? ቶዮታን በተመለከተ ሕዝቡ በብዙው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል መሆኑን የምናውቀው ግን ቆጥረን ስናሳይ ነው። መቁጠሩም የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።